የእማሆይ ፒያኖና የቆሎ ተማሪው

እዚህ መተማ ዮሐንስ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚል የቆሎ ተማሪ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ትዝ ይሉኛል፤ በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወልደው፣ በግሸን ማርያም ምናኔን ኖረው፣ መጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ያረፉት እናት።

ዓለም የሚያደንቀው ፒያኗቸውን ነው። ለእኔ ግን ከጣቶቻቸው ልባቸው ይበልጣል። ጎንደር ሳሉ የያሬድን ዜማ የሚማሩ ልጆች ለምነው ሲበሉ፣ ሜዳ ላይ ሲያድሩ አዩ። የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም፤ ሙዚቃቸውን በሸክላ አስቀርጸው ገቢውን ለችግረኞች አዋሉ።

እኔም ቀን ባንክ ውስጥ የሰሊጥ ብር ስቆጥር ውዬ ማታ ግጥም እሞክራለሁ። ግጥም የምንወድ ሁሉ የቅኔ ቤት ባለዕዳዎች ነን። እማሆይን ማድነቅ ብቻውን ዕዳውን አይከፍልም፤ ደጃችን የቆመውን ተማሪ ባዶ እጁን አለመሸኘት ግን ጅምር ነው።