አስታማሚዋን ማን አሠለጠናት?

ከጥቂት ሳምንታት በፊት በስትሮክ ምክንያት ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ያላቸውን አንዲት እናት ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ልጆቻቸው ሥራ ስለሚውሉ በደላላ በኩል የተቀጠረች የ19 ዓመት ወጣት ታስታምማቸዋለች። በደረስኩበት ሰዓት ወጣቷ አጥሚት በማንኪያ ትሰጣቸዋለች፤ እማማ ግን በጀርባቸው እንደተኙ ናቸው። አንድ ማንኪያ በቀመሱ ቁጥር ያስላቸዋል። ቀና ብለው ቢቀመጡ እንደሚሻል ስነግራት ደነገጠች። «እኔ እኮ እንዳይደክማቸው ብዬ ነው፤ ማንም አላሳየኝም» አለችኝ።

ወጣቷ ጥፋተኛ አይደለችም። ስትሮክ ያጋጠመው ሰው የመዋጥ ችግር ሊኖርበት እንደሚችል፣ ተኝቶ ሲመገብ ምግቡ ወደ ሳንባ ገብቶ ለሳንባ ምች ሊዳርገው እንደሚችል የነገራት የለም። የተቀጠረችው ለልብስ አጠባና ለምግብ ማብሰል ነበር። እማማ ከሆስፒታል ሲወጡ ግን ሥራው በአንድ ቀን ተለውጦ የነርስ ሥራ ሆነ። ደመወዟም ሆነ እውቀቷ ግን እንደነበረ ቀረ።

ይህ የአንድ ቤት ታሪክ ብቻ አይደለም። የደም ግፊት፣ የስኳር ሕመም፣ ስትሮክና ካንሰር በሀገራችን እየተለመዱ በመጡበት በዚህ ጊዜ ሕሙማን ከሆስፒታል አልጋ ወርደው ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት በቤታቸው ይታመማሉ። ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማጉረስ፣ ማገላበጥ፣ መፀዳጃ ማድረስና መድኃኒት በሰዓቱ መስጠት ቀላል የቤት ሥራ ይመስላል። ሲበላሽ ግን ሕይወት ያስከፍላል። ሆስፒታሉ መስፈርት አለው፤ ነርሷም የሙያ ፈቃድ አላት። የቤቱ በር ከተዘጋ በኋላ ያለው እንክብካቤ ግን መስፈርትም ተቆጣጣሪም የለውም።

የሚገርመው ሌላ ጉዳይ አለ። የውጭ ሀገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ለሥራ ወደ ውጭ የሚሄድ ዜጋ ለሚሠራው ሥራ የሙያ ብቃት ምዘና ማረጋገጫ እንዲኖረው ይጠይቃል። በአሜሪካም በርካታ ወገኖቻችን በቤት ለቤት እንክብካቤ ተሠማርተው ይኖራሉ። በዚያ ሀገር ሜዲኬር በተሰኘው የመንግሥት የጤና መድን በሚታቀፉ ድርጅቶች የሚሠሩ አስታማሚዎች የሚሰጣቸው ሥልጠና ቢያንስ 75 ሰዓት እንዲሆን፣ ከዚህም 16 ሰዓቱ በባለሙያ ክትትል የሚደረግ የተግባር ልምምድ እንዲሆን ደንቡ ያዛል። እንግዲህ ልጃችን የሰው ሀገር አዛውንት ለመንከባከብ ስትሄድ ምዘና ትጠየቃለች፤ የገዛ እናታችንን ለመንከባከብ ግን የደላላ ቃል ይበቃታል ማለት ነው።

አንዳንዶች «ማስታመም ባህላችን ነው፤ ምን ሥልጠና ያሻዋል?» ይላሉ። የማስታመም ባህላችን የሚያኮራ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ፍቅር ብቻውን የአልጋ ቁስልን አይከላከልም። ሌሎች ደግሞ መስፈርት ቢወጣ አስታማሚ ይወደድና ድሃው ይጎዳል የሚል ሥጋት አላቸው። ሥጋቱ ተገቢ ነው። ሆኖም አንድ ጊዜ የተከፈተ የአልጋ ቁስልን ማከም፣ ወይም ወድቆ ዳሌው የተሰበረን አዛውንት ማስታመም ከጥቂት ቀናት ሥልጠና ይልቅ እጅግ ይወደዳል። ድሃውን የበለጠ የሚጎዳውም ይኸው ነው።

መንግሥት መስፈርት እስኪያወጣ ድረስ እያንዳንዱ ቤተሰብ ሊጠብቃቸው የሚገቡ አነስተኛ ደረጃዎች አሉ። አንደኛ፣ የአስታማሚ እጅ ታማሚውን ከመንካት በፊትና በኋላ፣ እንዲሁም ምግብ ከመስጠት በፊት በሳሙና ይታጠብ። ሽንት፣ ሰገራ፣ ደም ወይም ቁስል ሲነካ ጓንት ይደረግ። ጓንት መጠቀም ግን እጅ መታጠብን አይተካም።

ሁለተኛ፣ ታማሚው ሲመገብ ቀና ብሎ ይቀመጥ፤ ጉርሻው ትንሽ ይሁን፤ የመጀመሪያው ሳይዋጥ ሁለተኛው አይቅረብ። ከበላ በኋላም ቢያንስ ለ30 ደቂቃ አይተኛ። በየጉርሻው የሚያስለው ወይም ድምፁ እንደ እርጥብ የሚሆን ከሆነ በአፍ መስጠቱን አቁሞ ሐኪም ማማከር ይገባል።

ሦስተኛ፣ ራሱን ማገላበጥ የማይችል ታማሚ በአልጋ ላይ ሳለ በየሁለት ሰዓቱ ጎኑ ይቀየር። ተረከዝ፣ ዳሌና የወገብ ታችኛው አጥንት በየዕለቱ ይታዩ። በጣት ተጭነውት የማይጠፋ ቅላት፣ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ደግሞ ከዙሪያው የተለየ ጥቁረት፣ ሙቀት ወይም ጥንካሬ ከታየ የአልጋ ቁስል መጀመሩ ነው። ያ ቦታ አይታሽም፤ ጫናው ይነሳለታል እንጂ። የራሰ ጨርቅም ሳይውል ሳያድር ወዲያው ይቀየር።

አራተኛ፣ የመታጠቢያ ውኃ አስቀድሞ በክርን ይለካ። የስኳር ሕመም ያለበት ወይም አካሉ የደነዘዘ ሰው እየተቃጠለ ላያውቀው ይችላል። ወለሉ ደረቅ ይሁን፤ ሌሊት ወደ መፀዳጃ የሚወስደው መንገድ ብርሃን ይኑረው።

አምስተኛ፣ መድኃኒት በቃል አይሰጥ። ስሙ፣ መጠኑና ሰዓቱ በወረቀት ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ የሰጠው ሰውም ምልክት ያድርግበት። አስታማሚዋ ማንበብ የማትችል ከሆነ ኃላፊነቱን ከቤተሰቡ አንድ ሰው ይውሰድ። ኢንሱሊን በባለሙያ ያልሠለጠነ ሰው በግምት የሚወጋው መድኃኒት አይደለም።

ደህንነት ሲባል የታማሚው ብቻ አይደለም። ሌሊት ሦስቴ አራቴ እየተነሳች ቀን ሙሉ የምትሠራ ልጅ መሳሳቷ፣ መነጫነጯም አይቀርም። ከባድ ሰው ብቻዋን ስታነሳ ወገቧ ይጎዳል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከተፈጻሚነት ወሰኑ ውጪ ስላደረገው የዕረፍት ሰዓቷ በአሠሪዋ ህሊና ላይ የተንጠለጠለ ነው። ስለዚህ የሥራ ድርሻዋ፣ የዕረፍት ቀኗና ደመወዟ በጽሑፍ ይስፈር፤ በሌሊት የሚተካትም ይኑር። ደክሞት ያላረፈ አስታማሚ ለታማሚው አደጋ ነው።

ይህን ሁሉ ከባዶ መጀመር አይጠበቅብንም። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነፃ መሰጠት ከመጀመሩ በፊት በነበሩት አስቸጋሪ ዓመታት የአልጋ ቁራኛ የሆኑ ወገኖችን እየዞሩ የሚያጥቡና የሚመግቡ፣ ሥልጠና ወስደው ጓንትና ሳሙና በቦርሳ የያዙ በጎ ፈቃደኞች ነበሩን። ዕድሮችም ከቀብር አልፈው ማስታመም የጀመሩት ያኔ ነው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በየቤቱ የሚገቡበት ሥርዓት ተዘርግቷል። የጎደለው የአልጋ ቁራኛ የሆነው ታማሚ በዚህ ሥርዓት ውስጥ እንደ አንድ ሥራ መቆጠሩ ነው።

በእኔ አስተያየት ሦስት እርምጃዎች ይቀድማሉ። ሆስፒታሎች ታማሚን ከማሰናበታቸው በፊት በቤት የሚያስታምመውን ሰው ጠርተው ማገላበጥን፣ ማጉረስንና መድኃኒት አሰጣጥን በተግባር ያሳዩ። የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ለአስታማሚዎች አጭር ሥልጠናና ምዘና ይክፈቱ፤ አስታማሚ የሚያቀርቡ ድርጅቶችና ደላሎችም ያልሠለጠነ ሰው ለአልጋ ቁራኛ እንዳይመድቡ ይገደዱ። ጤና ጣቢያዎችም በአካባቢያቸው የሚገኙ የአልጋ ቁራኞችን መዝግበው በየጊዜው ይጎብኙ።

እዚያች ልጅ ጋር ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየሁ። እማማን በሁለት ትራስ ደግፈን አስቀመጥናቸው፤ አጥሚቱን ያለ ሳል ጨረሱ። ልጅቷ በአንድ ጊዜ ተማረችው። አንባቢያንም ዛሬ ማታ በቤታችሁ ወይም በጎረቤት የሚታመም ሰው ካለ አስታማሚውን «ማን አሳየህ?» ወይም «ማን አሳየሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «ማንም» ከሆነ ነገ ጠዋት በአቅራቢያችሁ ካለው ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የሚያሳያችሁን ባለሙያ ጠይቁ።