ኤታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ወደ ቆላማ አካባቢዎች ከመድረሱ በፊት

ኢትዮጵያ ኤታኖልን ከቤንዚን ጋር ቀላቅላ ለተሽከርካሪዎች ማቅረብ የጀመረችው በ2001 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣውን የባዮፊዩል ልማትና አጠቃቀም ስትራቴጂ ተከትሎ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የተገኘው ኤታኖል በ5 በመቶ ድርሻ ተቀላቅሎ በአዲስ አበባ ማደያዎች ተሰራጭቷል። በ2003 ዓ.ም. ድርሻው ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሏል፤ የመተሐራ ስኳር ፋብሪካም ኤታኖል ማምረት ጀምሯል። ሥርጭቱ ግን በመዲናዋ የተወሰነ ነበር፤ ያለመቆራረጥም አልዘለቀም።

የመርሃ ግብሩ ዓላማ ግልጽ ነው። ኤታኖል የሚመረተው ከስኳር ተረፈ ምርት ከሞላሰስ በመሆኑ ለነዳጅ ግዥ ከሚወጣው የውጭ ምንዛሪ የተወሰነውን ያድናል። ድብልቁ በሞተር ላይ ስለሚያሳድረው ተጽዕኖ ግን በአሽከርካሪዎች ዘንድ ሁለት ተቃራኒ አስተሳሰቦች ይስተዋላሉ። አንደኛው ኤታኖል ጉልበት ይጨምራል የሚል ሲሆን፣ ሌላው ሞተር ያበላሻል የሚል ነው።

ሁለቱም በከፊል እውነትነት አላቸው። የንጹሕ ኤታኖል የኦክቴን መጠን ከ100 በላይ በመሆኑ ነዳጁ ያለጊዜው እንዳይቀጣጠል ያደርጋል፤ በሚተንበት ጊዜም ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ያቀዘቅዛል። በከፍተኛ እምቅታ የሚሠሩና ተርቦ የተገጠመላቸው ፈጣን መኪናዎች ከዚህ ይጠቀማሉ። በአሜሪካ የኢንዲ ካር የመኪና ውድድር እ.ኤ.አ. በ2007 በኤታኖል መካሄድ የጀመረውም በዚሁ ጠባይ ታግዞ ነው። ይሁንና አንድ ሊትር ኤታኖል የሚይዘው ኃይል ከአንድ ሊትር ቤንዚን በአንድ ሦስተኛ ገደማ ያንሳል። ስለሆነም ለኤታኖል ያልተዘጋጀ መደበኛ ሞተር በ10 በመቶ ድብልቅ ጉልበት አይጨምርም፤ የነዳጅ ፍጆታውም በ3 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል።

ጉዳዩ ከአዲስ አበባ ውጭ ሲታይ ሌላ መልክ ይይዛል። ከጎንደር ወደ ሁመራ በሚያመራው መንገድ ላይ የምትገኘው የታች አርማጭሆ ወረዳ ዋና ከተማ ሳንጃ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። በቆላው ሙቀት ቤንዚን በቀላሉ ይተናል። አነስተኛ መጠን ያለው ኤታኖል ሲጨመርበት ደግሞ የመትነን ጠባዩ ይበልጥ ይጨምራል። በዚህም ምክንያት ካርቡሬተር ባላቸው ሞተሮች ላይ ነዳጁ ገና በቱቦው ውስጥ እያለ ተንኖ ሞተሩ ሊጠፋ ይችላል።

ሁለተኛው ፈተና ውኃ ነው። ኤታኖል እርጥበት ስለሚስብ፣ በክረምት ዝናብ ወደ ማደያ ታንክ ወይም ወደ በርሜል ውኃ ከገባ ኤታኖሉ ከውኃው ጋር ተዋሕዶ ወደ ታች ይዘቅጣል። ከላይ የሚቀረው ቤንዚን የኦክቴን መጠኑ ይቀንሳል፤ ከታች የተቀዳው ደግሞ ሞተር አያስነሳም። ነዳጅ በበርሜል ተይዞ ሳምንታት በሚቆይበት አካባቢ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። ከዚህም ሌላ ኤታኖል በአሮጌ ታንኮች ውስጥ የተጠራቀመ ዝቃጭን አላቅቆ ማጣሪያ ይደፍናል፤ የቆዩ የጎማ ክፍሎችንም ያበላሻል።

እነዚህ ችግሮች መርሃ ግብሩን ለመተው ምክንያት አይሆኑም። ብራዚል እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ባካሄደችው ሥራ በቤንዚን ውስጥ የሚገባውን ኤታኖል እ.ኤ.አ. በ2025 ወደ 30 በመቶ አድርሳለች። ለውጤት የበቃችውም ነዳጁን፣ ማከማቻውንና ሞተሩን አብራ በማዘጋጀቷ ነው።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ቢከለክልም፣ ቀደም ሲል የገቡት መኪናዎች፣ ባጃጆችና ሞተር ብስክሌቶች ቤንዚን መጠቀማቸው አይቀርም። ስለሆነም ድብልቁን ወደ ክልሎች ለማድረስ በሚታሰብበት ጊዜ የሚመለከታቸው አካላት አስቀድመው ሊያከናውኗቸው የሚገቡ ተግባራት አሉ። የማደያ ታንኮች ከውኃና ከዝቃጭ መጽዳታቸውን ማረጋገጥ፣ የቤንዚኑን የመትነን መጠን ከአካባቢው ሙቀት ጋር ማጣጣም፣ በማደያዎች የድብልቁን መጠን በግልጽ ማሳወቅና ለባለሙያዎች ሥልጠና መስጠት ይገባል። በናፍጣ የሚሠሩ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተሽከርካሪዎች ይህን ድብልቅ ፈጽሞ እንዳይቀዱም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዝግጅቱ ከቀደመ ኤታኖሉ ምንዛሪ ያድናል፤ ከዘገየ ግን በመዲናዋ የዳነው ገንዘብ በቆላው ጋራዦች ለጥገና ይወጣል።