ስንዴው የተሳፈረበት፣ ገበሬው የተከለከለበት ሐዲድ

በ2022 ኦገስት ወር መጨረሻ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ብሬቭ ኮማንደር የተባለች መርከብ ጅቡቲ ወደብ ደረሰች። የጫነችው 23,000 ቶን የዩክሬን ስንዴ ሲሆን መድረሻውም በድርቅ የተጎዳው የኢትዮጵያ ሕዝብ ነበር። በዚያ ሰሞን ስለ መርከቧ፣ ስለ ዓለም ምግብ ፕሮግራምና ስለ ኢስታንቡሉ ስምምነት ብዙ ተወርቷል። ስንዴ ከእርሻው ተነስቶ ባሕር ዳር የሚደርሰው በምን እንደሆነ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

መልሱ በአብዛኛው ባቡር ነው። መርከቧ የተነሳችበትን ፒቭዴኒን ጨምሮ የደቡብ ዩክሬንን ወደቦች ከስንዴው ምድር ጋር የሚያገናኘው የኦዴሳ ባቡር ይባላል። የአገሪቱ ምድር ባቡር መሥሪያ ቤት ኡክርዛሊዝኒትሲያ በስድስት የክልል ባቡሮች የተከፈለ ነው፤ እነሱም ኦዴሳ፣ ልቪቭ፣ ደቡብ፣ ደቡብ ምዕራብ፣ ፕሪድኒፕሮቭስካ እና ዶኔትስክ ናቸው። የኦዴሳው ድርሻ ወደ 4,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሐዲድ ነው። በሰሜን ከቼርካሲ ተነስቶ በዝናሚያንካና በፖሚችና መጋጠሚያዎች አድርጎ ወደ ሚኮላይቭ፣ ወደ ኬርሶንና ወደ ኦዴሳ ይወርዳል፤ በደቡብ ምዕራብ ደግሞ እስከ ዳኑብ ወንዝ ወደቦች እስከ ኢዝማይልና ሬኒ ይዘልቃል።

ባቡር በገባበት ሁሉ ልማት ገባ ብሎ የሚያምን ሰው ብዙ ነው። የኦዴሳ ባቡር ታሪክ ይህን እምነት ይፈትነዋል። ሐዲድ ብረትና ድንጋይ ነው፤ ጥሩም ክፉም የሚያደርገው ማንን እንደሚያሳፍርና ማንን እንደሚከለክል የሚወስነው እጅ ነው።

ጅማሬውን እንመልከት። የደቡብ ዩክሬን እህል ለብዙ ዘመን ኦዴሳ የሚደርሰው ቹማክ በሚባሉ ነጋዴዎች የበሬ ጋሪ ነበር። ዝናብ ሲጥል መንገዱ ጭቃ ይሆናል፣ ጋሪው ይሰምጣል፣ መርከቡ ወደብ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። የሩሲያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት በ1856 ባበቃው የክራይሚያ ጦርነት ሲሸነፍ ባቡር አልባ ግዛት ጦሩንም ሆነ እህሉን በወቅቱ ማንቀሳቀስ እንደማይችል ገባው። በዲሴምበር 1865 ከኦዴሳ እስከ ባልታ ያለው መስመር ተከፈተ። ግንባታውን የመሩት ባሮን ኡንገርን ሽተርንበርግ ሲሆኑ አፈሩን የዛቁት በአብዛኛው ወታደሮች ነበሩ። በ1870 መስመሩ ከኪየቭ ጋር ተገናኘ። ከዚያ በኋላም ኦዴሳ ከአውሮፓ ታላላቅ የእህል ወደቦች አንዷ ነበረች።

ያን ጊዜም ቢሆን የሰው ነፍስ ርካሽ ነበረች። በ1875 ክረምት በቲሊጉል አቅራቢያ ሐዲዱ ለጥገና ተነስቶ ሳለ ማስጠንቀቂያ ምልክት ሳይቆም ቀረ፤ ምልምል ወታደሮች የጫነ ባቡር ከግድቡ ወደ ገደል ወርዶ ብዙዎች አለቁ። ከተጠያቂዎቹ አንዱ በመስመሩ ላይ የሚሠራ ሰርጌ ዊተ የተባለ ወጣት ኃላፊ ነበር። ተፈረደበት። ነገር ግን በ1877 ከቱርክ ጋር ጦርነት ሲነሳ ጦሩን በቅልጥፍና ወደ ግንባር ስላጓጓዘ ቅጣቱ ቀለለለት። ይኸው ሰው በ1892 የግዛቱ የገንዘብ ሚኒስትር ሆነ። የመንግሥት ሚዛን ወዴት ያጋደለ እንደነበር ይህ አንድ ታሪክ ብቻውን ይናገራል።

የከፋው ግን ከዚያ በኋላ መጣ። በ1932 እና 1933 ዩክሬን በሰው ሠራሽ ረሃብ ስትመታ የሞተው ሰው በሚሊዮኖች ይቆጠር ነበር። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ሶቪየት ኅብረት በየዓመቱ ከ1.5 ሚሊዮን ቶን በላይ እህል ወደ ውጭ ሸጣለች። ጎተራው ተጠርጎ፣ ፉርጎው ተሞልቶ እህሉ ወደ ወደብ ወረደ። በጃንዋሪ 22 ቀን 1933 ስታሊንና ሞሎቶቭ የፈረሙት መመሪያ ደግሞ የዩክሬን ገበሬ ቀዬውን ለቆ ወደ ሌላ ክልል እንዳይሄድ ከለከለ፤ ለገበሬ የባቡር ትኬት እንዳይሸጥም ታዘዘ። አስቡት፤ ስንዴው ተሳፈረ፣ ስንዴውን የዘራው ሰው ግን ጣቢያው በር ላይ ቀረ። ረሃብን ያየ የኢትዮጵያ አንባቢ ይህን ዓረፍተ ነገር ሲያነብ ማብራሪያ አያሻውም።

በ1942 ክረምት ደግሞ ያው ሐዲድ ሌላ ዓይነት ተሳፋሪ ጫነ። ከተማዋን የያዘው የሮማኒያ አስተዳደር የኦዴሳን አይሁዶች በዕቃ ፉርጎ አጭቆ ወደ ቤሬዚቭካ አጋዘ። ብዙዎቹ አልተመለሱም። ያን ጊዜ መሳፈር መዳን አልነበረም፤ ሞት ነበር።

እንግዲህ 2022ን ከዚህ ጎን አስቀምጡት። በፌብሩዋሪ 24 የሩሲያ ጦር ሲገባ ኡክርዛሊዝኒትሲያ የወሰደው ውሳኔ ቀላል ይመስላል፤ የስደተኛ ባቡር ትኬት አይጠይቅም አለ። እናት ልጇን ታቅፋ፣ ሽማግሌው ድመቱን በቅርጫት ይዞ፣ ከኦዴሳም ከሚኮላይቭም ወደ ምዕራብ ተጓዘ። በመላ አገሪቱ በዚህ መንገድ የወጣው ሰው ወደ 4 ሚሊዮን ይገመታል። በ1933 ትኬት ከልክሎ ሕዝብን ለሞት አሳልፎ የሰጠ ሐዲድ በ2022 ትኬት ሳይጠይቅ ሕዝብ አዳነ። ብረቱ አልተቀየረም፤ ስፋቱም ከሞላ ጎደል ያው ነው። የተቀየረው የባቡሩ አለቃ የሚያገለግለው ለማን እንደሆነ ነው።

«በጦርነት ባቡር መሣሪያም ይጭናል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ይጭናል። ሆኖም በዲሴምበር 26 ቀን 2023 የኬርሶን ጣቢያ በመድፍ ሲደበደብ በውስጡ ለመሸሽ ባቡር የሚጠብቁ 140 ያህል ሲቪሎች ነበሩ። ይቺ ጣቢያ ከተማዋ ነፃ በወጣች በሳምንቷ፣ በኖቬምበር 19 ቀን 2022፣ ከኪየቭ የመጣውን የመጀመሪያ ባቡር በእንባ የተቀበለች ናት። የመሣሪያ ክርክር ለሲቪል ሞት ማስተሰረያ ሊሆን አይችልም።

ከዚህ ታሪክ ፖለቲከኛም ኢኮኖሚስትም ሊማሩት የሚገባ ሌላ ነገር አለ፤ እሱም «የማያዋጣ መስመር» የሚባለው ነገር ነው። ከጦርነቱ በፊት በዩክሬንም መንገደኛና ጭነት የሌላቸው መስመሮች ይዘጉ የሚለው ሐሳብ በተደጋጋሚ ይነሳ ነበር። በሂሳብ ወረቀት ላይ ሲታይ ትክክል ይመስላል። በኤፕሪል 2022 መጨረሻ ግን በዲኔስተር ወንዝ አፍ ላይ ያለው የዛቶካ ድልድይ በሚሳይል ተመታ። ወደ ኢዝማይልና ሬኒ የሚወስደው ባቡር የሚያልፈው በዚሁ ድልድይ ነው። የጥቁር ባሕር ወደቦች ተዘግተው ስለነበር እህል የሚወጣበት በር ዳኑብ ነበር፤ ወደ ዳኑብ የሚወስደው ድልድይ ደግሞ ተመታ።

ያን ጊዜ የታወሰው ከቤሬዚኔ ወደ ሞልዶቫዋ ባሳራቤያስካ የሚሄደው አጭር መስመር ነበር። ርዝመቱ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሥራ አቁሞ ሣርና ቁጥቋጦ የዋጠው ነበር። ሁለቱ አገሮች በጥቂት ወራት ውስጥ ጠግነው በዚያው ዓመት ከፈቱት። ሮማኒያም በበኩሏ ወደ ገላትስ ወደብ የሚገባውንና ለዓመታት የተረሳውን ባለ ሰፊ ሐዲድ መስመር አደሰች፤ ፉርጎው ጎማ ሳይቀይር ወደብ እንዲደርስ። ትናንት «ሙት» የተባለ መስመር ዛሬ የአገር መተንፈሻ ሆነ። የግንባታ ፈቃድ፣ የመሬት ካሳና የአዋጭነት ጥናት ሲጠበቅ ቢሆን ኖሮ ጦርነቱ አይጠብቅም ነበር። የዳነው መሬቱና የሐዲዱ መደብ ስላልተሸጠ ነው።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስል። ያ 23,000 ቶን ስንዴ የመጣው በጅቡቲ በኩል ነው፤ የኢትዮጵያ የውጭ ንግድም ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በዚያው በር ነው። በ1917 አዲስ አበባ የገባው አሮጌው ባለ አንድ ሜትር ስፋት ሐዲድ፣ በ2016 አዲሱ ባለ 1,435 ሚሊ ሜትር መስመር ሲመረቅ እንደ ቁራጭ ብረት መቆጠር ጀመረ። አሮጌው መንገደኛ አይጭንም ይሆናል፤ ሆኖም የኦዴሳ ልምድ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ አንድ በር ብቻ ያለው ቤት ሲቃጠል መውጫ የለውም። መጠባበቂያ መስመር በሰላም ጊዜ ወጪ ነው፤ በክፉ ቀን ግን ዳቦ ነው።

ስለዚህ ባቡር ሲመረቅ ሪባኑን ማን ቆረጠው፣ ስንት ቢሊዮን ፈጀ የሚለው ጥያቄ ብቻውን አይበቃም። የሚበልጠው ጥያቄ ይህ ነው፦ ክፉ ቀን ሲመጣ ይህ ሐዲድ ማንን ያሳፍራል? በ1933 የኦዴሳ ባቡር መልሱን ሰጥቷል፤ በ2022ም ሰጥቷል። በሁለቱ መልሶች መካከል ያለው ልዩነት ሎኮሞቲቭ አልነበረም፤ በትኬት ቆራጩ ወንበር የተቀመጠው መንግሥት ለሕዝቡ ያለው ክብር ነበር።