ከድፍረት በፊት ፍራሽ

«ፍርሃት የሚባል ነገር የለም፤ ያለው ጭንቅላትህ ውስጥ ብቻ ነው።» ይህቺን አባባል በሳምንት ስንት ጊዜ ትሰማላችሁ? ከኋላዋ ፒያኖ ይንቆረቆራል፣ ሱፍ የለበሰ ሰው እጁን ያወናጭፋል፣ ኮሜንቱ ላይ ሁሉም «አሜን» ይላል። እኔ ግን አባባሏ ውሸት ብቻ ሳትሆን አደገኛም ናት ባይ ነኝ። ማጋነኔ አይደለም። አንገት ትሰብራለች።

በቁም የሚነዳ ጄት ስኪ በስልካችሁ አይታችሁ ይሆናል። መቀመጫ የለውም፤ ነጂው ቆሞ ነው የሚይዘው፤ ማሽኑ ብቻውን ከ100 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ሰውየው ማዕበል ላይ ያስነሳውና ከነማሽኑ አየር ላይ ወደ ኋላ ተገልብጦ ውሃው ላይ ያርፋል። ባክፍሊፕ። ከቪዲዮው ሥር «ፍርሃትህን አሸንፍ» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ ያለውን ውሃ ግን ማንም አያነሳውም። ሄልሜቱን፣ ተንሳፋፊ ሰደርያውን፣ ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ ውሃ ውስጥ እንደተዘረጋም ቪዲዮው አያሳይም። የምናየው የመጨረሻዋን አምስት ሰከንድ ነው፤ እሷን አይተን «ድፍረት» እንላታለን።

መንዝ ውስጥ ጄት ስኪ የለም። ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ላይ ያለ አገር ነው፤ እዚያ ማዕበል ብትፈልጉ የምታገኙት የጉም ነው። ቪዲዮው ግን ደርሷል፤ ባክፍሊፑም አብሮት ደርሷል። መሐል ሜዳም ሆነ ጓሳ ዙሪያ፣ ደረቅ የትምህርት ቤት ሜዳ ላይ አንዱ ይዘላል፣ አንዱ ይቀርጻል፣ የቀሩት «ወንድ ከሆንክ!» ይላሉ። ከሥር ውሃ የለም። ያለው ውርጭ ያደረቀው መሬት ነው።

እዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት ወገን አለ። ትልልቆቹ «ተው አንተ ልጅ፣ ትሰበራለህ!» ይላሉ። «ፈሪ ለእናቱ» የምትለዋም አብራ ትመጣለች። ለሴት ልጅ ሲሆን ማስጠንቀቂያውም ይቀርና «ሴት ልጅ አትገለባበጥም» ብለው ይዘጉታል። በሌላ በኩል ጓደኛ አለ፣ ቲክቶክ አለ፣ አነቃቂው አለ፤ እነሱ «ፈሪ!» ይላሉ። ሁለቱ ወገኖች የሚጣሉ ይመስላሉ፤ አይጣሉም። ሁለቱም ፍርሃትን የጠባይ ጉዳይ አድርገውታል፤ አንዱ ያከብረዋል፣ ሌላው ይሰድበዋል። ፍራሽ ያመጣ ግን ከሁለቱም የለም።

ፍርሃት ጥያቄ ነው፤ «ብወድቅ ምን እሆናለሁ?» ነው የሚለው። መልሱ «ትሰበራለህ» ከሆነ መፍራት ትክክለኛ ስሌት ነው። መልሱ «ፍራሹ ይቀበልሃል፤ ካልተቀበለህ እኔ እይዝሃለሁ» ከሆነ ግን ፍርሃቱ ራሱ ይቀንሳል፤ ስብከት አያስፈልገውም። ጓሳ ላይ ጭላዳዎቹን ያየ ይህን ያውቀዋል። ቀን ሜዳው ላይ ሣር ሲግጡ ይውላሉ፤ ከገደሉ ግን ብዙ አይርቁም፤ አደጋ ሲመጣ ወደዚያ ነው የሚሮጡት፣ ሌሊትም የሚያድሩት እዚያ ነው። ለእኛ የሚያስፈራው ገደል ለእነሱ መሸሻቸው ነው። ተረጋግተው የሚግጡት መሸሻው ቅርብ ስለሆነ ነው።

አሁን ፍርሃት ባክፍሊፕ ላይ ምን እንደሚሠራ እዩ። ትክክለኛው ዝላይ መጀመሪያ ወደ ላይ ነው። እጅ ወደ ሰማይ ይወረወራል፣ ሰውነት ይረዝማል፣ ከዚያ በኋላ ነው ጉልበት ወደ ደረት የሚሰበሰበው። የፈራ ሰው ግን መሬቱን ቶሎ ማየት ስለሚፈልግ ገና ሳይነሳ አንገቱን ወደ ኋላ ይጥላል፤ ከፍታ ያጣል። ከዚህ የሚብሰው አየር ላይ ሐሳብ መቀየር ነው፤ ግማሽ የተገለበጠ ሰው የሚያርፈው በጭንቅላቱ ነው። «አትፍራ» የተባለ ልጅ እንግዲህ መፍራቱን አያቆምም። እየፈራ ይዘላል። ከሁሉም የከፋው ዝላይ ደግሞ ይሄ ነው።

እኔ ኮድ ጽፌ የምበላ ሰው ነኝ። በእኛ ሙያ «ደፋር ሁንና ልቀቀው» የሚል አለቃ ካጋጠማችሁ መሸሽ ነው። ብዙ ሰው የሚጠቀምበትን ሲስተም ስንነካ እጃችን የማይንቀጠቀጠው ጀግኖች ስለሆንን አይደለም። መጀመሪያ ደንበኛ የማይደርስበት የሙከራ ሰርቨር ላይ ይሞከራል። ኮዱን ሌላ ሰው ያነበዋል። ባክአፕ ይያዛል። ነገር ከተበላሸ ወደ ትናንቱ ቨርዥን የምንመለስበት መንገድ ቀድሞ ይዘጋጃል። ጀማሪው ፍርሃቱ የሚለቀው መመለሻ እንዳለው ሲያውቅ ነው። የሰው አከርካሪ ግን ባክአፕ የለውም፤ ወደ ትናንቱ ቨርዥን አይመለስም። ታዲያ ለአንድ የክፍያ ገጽ ይሄን ሁሉ ጥንቃቄ እያደረግን ለልጅ አንገት «በርታ» ብቻ የምንለው በየትኛው ሒሳብ ነው?

«ይሄ የፈሪ ጥንቃቄ ነው» ለምትሉኝ ሲሞን ባይልስን ላምጣላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2021 ቶኪዮ ኦሊምፒክ ላይ አየር ላይ ሳለች ሰውነቷ የት እንዳለ መለየት ሲያቅታት ከቡድኑ ፍጻሜ ወጣች። ፈሪ ያሏት ብዙ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2023 አንትወርፕ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ግን ዩርቼንኮ ደብል ፓይክ የሚባለውን፣ አየር ላይ ጉልበት ሳይታጠፍ ወደ ኋላ ሁለት ጊዜ የሚገለበጡበትን ዝላይ ዘለለች። ስትዘል አሠልጣኟ ሎራን ላንዲ ፍራሹ አጠገብ ቆሞ ነበር፤ ነገር ከተበላሸ ሊደርስላት። ሕጉ ለዚህ ግማሽ ነጥብ ይቀንሳል። ተቀነሰባት። ዝላዩም በስሟ ተጠራ። በዓመቱ ፓሪስ ላይ ሦስት ወርቅ ወሰደች። እንግዲህ አስቡት፦ በዓለም ላይ ከእሷ በላይ የተገለበጠች ሴት የለችም፤ እሷ ግን አጠገቧ ሰው እንዲቆም ነጥብ ከፍላለች። እኛ ሜዳ ላይ ያለው ልጅ ይህን ቢጠይቅ «ወንድ አይደለህም» ይባላል።

«እኛ የጀግና ዘር ነን፣ አባቶቻችን መቼ ፍራሽ አነጠፉ?» የሚልም አይጠፋም። መንዝ ተወልዶ ይህን ያልሰማ የለም። መልሴ አጭር ነው፤ አንጥፈዋል። ጉግስ ምን ነበር? ፈረሰኛው ሁለት ወገን ሆኖ ይሳደዳል፤ የሚወረወረው ግን ጦር ሳይሆን ዘንግ ነው፤ የሚሸሸውም በጋሻ ይመክታል። ጨዋታ ነው፤ ለጦርነት መለማመጃም ነው። በእኔ ቋንቋ የሙከራ ሰርቨር ነው። ያ ፈረሰኛ ጦር ሜዳ ላይ ያልደነገጠው ከሰማይ የወረደ ወኔ ስላለው ብቻ አይደለም፤ መቶ ጊዜ በዘንግ ተመትቶ ተነስቷል። እኛ ሽለላውን ወርሰን ልምምዱን ጣልነው።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። ሰርከስ ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው፤ ከዚያ ወዲህ በየከተማው ሰርከስ በቀለ። ከእነዚህ አንዱ የዞናችን ከተማ ላይ ያለው ሰርከስ ደብረ ብርሃን ነው፤ አካል ጉዳተኛ አርቲስቶች ከሌሎቹ ጋር እኩል መድረክ የሚወጡበት። «ትሰበራለህ» የሚለው ስብከት እውነት ቢሆን ኖሮ እነዚህ ልጆች ከቤት ባልወጡ ነበር። «አትፍራ» የሚለው በቂ ቢሆን ደግሞ ማሠልጠኛ ባላስፈለጋቸው። የሰርከስ ሥራ በየትም አገር አንድ ዓይነት ነው፦ መጀመሪያ ፍራሽ ላይ ወደ ኋላ መንከባለል፣ ቀጥሎ ከፍ ያለ ፍራሽ ላይ በጀርባ መውደቅ፣ ቀጥሎ ግራና ቀኝ ሰው ወገብ ይዞ ማስገልበጥ፣ ቀጥሎ አንድ ሰው፣ በመጨረሻ ብቻውን። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለዚህ ነው።

«ፍራሹን ማን ይገዛል?» ትሉኛላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን በግ የሚያረባ፣ ከሱፉ ባና የሚሸምን አገር በሱፍ እጥረት ሰበብ ልጁን ደረቅ መሬት ላይ ሊያዘልል አይገባም። ገለባ የተሞሉ ጆንያዎች ተደርድረው፣ አሮጌ ባና ከላይ ተነጥፎባቸው፣ አጠገባቸው ሁለት የሚይዙ ሰዎች ቢቆሙ የሰርከሱን ያህል አይሆኑም፤ ከሜዳው ግን ይሻላሉ። እነሱም ለመንከባለልና በጀርባ ለመውደቅ ነው፤ ሙሉው ግልበጣ የሚያውቅ አሠልጣኝ ይጠብቅ። የሚከብደው ጠባቂ ማቆሙ ነው። ግን ይሄ ሕዝብ ጓሳን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በወል ሲጠብቅ የኖረ ነው። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፣ በተራ ይጠበቃል፣ ሲከፈት ሁሉም ያጭዳል። ሣር በተራ መጠበቅ ያወቀ ሰው ልጅ በተራ መጠበቅ አያቅተውም። ለሴቶቹም ለወንዶቹም።

አንድ ነገር ግን አልክድም። ፍራሹ ለማንም አይዘልም። ሁሉም ደረጃ አልፎ፣ ያዡ እጁን አንስቶ፣ ብቻህን የምትቆምባት አንዲት ቅጽበት አለች፤ ልብ ትመታለች፣ እግር ይከብዳል። እዚያች ላይ ድፍረት ያስፈልጋል። ድፍረት ግን ለዚያች ቅጽበት ብቻ ነው የሚበቃው፤ ከዚያ በፊት ያለውን መንገድ ሁሉ በድፍረት እንሂደው ማለት በአንድ ሊትር ቤንዚን ከመሐል ሜዳ አዲስ አበባ እንግባ እንደማለት ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ አንዱ ሊዘል ሲል «አትፍራ» አትበሉት። «ተው»ም አትበሉት። ስልካችሁን ኪስ ክተቱና ከሥሩ ምን እንዳለ እዩ። ምንም ከሌለ ጆንያ ፈልጉ። ከዚያ አጠገቡ ቁሙና እጃችሁን ዘርጉ።