የምጣድ ሰዓትና የሰፈር ትራንስፎርመር

ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ የማመንጨት አቅሙም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ለግንባታው ቦንድ የገዛው የዳያስፖራ ወገን ግን አዲስ አበባ ወዳሉ ዘመዶቹ ሲደውል ዛሬም «መብራት ጠፍቷል» መባሉ አልቀረም። ሰፈሩ የሚጨልመው ብዙ ጊዜ ግድቡ ኃይል ስላነሰው ሳይሆን፣ በምሰሶ ላይ የተሰቀለው ትራንስፎርመር የተጫነበትን መሸከም ስላቃተው ነው።

አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። 100 አባወራዎች የ200 ኪሎ ቮልት አምፒር ትራንስፎርመር ይጋራሉ እንበል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ምጣድ ቢጥዱ 350 ኪሎ ዋት ይጠይቃሉ፤ በሦስት ፈረቃ ቢጋግሩ ግን ጭነቱ ከ120 ኪሎ ዋት አያልፍም፤ ለመብራትና ለማቀዝቀዣም ይተርፋል። ሥሌቱ በወረቀት ላይ የቀለለ መሆኑ አይካድም። የቦካ ሊጥ ሰዓታት እንጂ ቀናት አይጠብቅም።

መጨናነቁ ደግሞ ራሱን ያባብሳል። መስመሩ ሲጫን ቮልቴጅ ይወርዳል፤ የምጣድ ጉልበት ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ስለሚሄድ፣ 220 የነበረው ወደ 180 ሲወርድ አንድ ሦስተኛው ይጠፋል። ምጣዱ ቶሎ አይሰማም፣ እንጀራው ዐይን አያወጣም፣ በአንድ ሰዓት ያልቅ የነበረው ጋገራ ይጓተትና ከሌላው ቤት ጋገራ ጋር ይደራረባል።

ፍላጎትን በሰዓት መምራት ለኢትዮጵያ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። በበዓላት ዋዜማ ፋብሪካዎችና ሌሎች ከፍተኛ ኃይል ተጠቃሚዎች ለተወሰኑ ሰዓታት ከመጠቀም እንዲታቀቡ ማሳሰቢያ ሲወጣ ኖሯል። በዓመት ጥቂት ቀናት የሚሠራው ዘዴ በአዘቦቱ ቀን ለምን እንደሚረሳ መጠየቅ ይገባል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ የሚተገበረው የታሪፍ ማሻሻያ ለመኖሪያ ቤት ዋጋውን የሚለየው በወሩ ፍጆታ መጠን ነው፤ ምጣዱ በስንት ሰዓት እንደተጣደ አይጠይቅም።

በካሊፎርኒያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የሰዓት ታሪፍን ከወርኃዊ ሂሳባቸው ያውቁታል። በትልልቆቹ ኩባንያዎች ዘንድ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ ውድ ነው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ የፀሐይ ኃይል ይቀንሳልና። ይህን እንዳለ ቀድቶ አዲስ አበባ መውሰድ ግን ስሕተት ይሆናል። የኢትዮጵያ ኃይል በአብዛኛው ከውሃ የሚመነጭ በመሆኑ በግድብ ተይዞ ሊቆይ ይችላል፤ ጠባቡ በር ያለው ሰፈር ውስጥ ነው። ከዚህም በላይ ጋገራ በአብዛኛው በሴቶች ጫንቃ ላይ ያረፈ ሥራ ነው። ከሥራ መልስ የምትጋግርን እናት በቅጣት ዋጋ ወደ እኩለ ሌሊት መግፋት የትራንስፎርመርን ችግር በእንቅልፏ ማስከፈል ይሆናል።

ስለዚህ ሸክሙ መጀመሪያ መውደቅ ያለበት በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ በየግቢው የሚተከል ባለ 7 ኪሎ ዋት ቻርጀር የሁለት ምጣድ ያህል ይስባል። መኪናው ግን ባለቤቱ ተኝቶ ሳለ ሊሞላ ይችላል፤ ባለ መኪናውም ከባለ ምጣዷ የተሻለ አቅም አለው። ለቻርጀር ፈቃድ ሲሰጥ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ብቻ የሚያበራ የሰዓት መቆጣጠሪያ ግዴታ ቢሆን ወጪው ትንሽ ነው።

ለምጣድ የሚበጀው ቅናሽ እንጂ ቅጣት አይደለም፤ መስመሩ በሚቀልባቸው የረፋድና የከሰዓት በኋላ ሰዓታት የሚሰጥ ቅናሽ። ለዚህ ሰዓት የሚለይ ቆጣሪ ያስፈልጋል፤ እርሱ በየቤቱ እስኪደርስ በየትራንስፎርመሩ አንድ አንድ መለኪያ ተክሎ የትኛው ሰፈር መቼ እንደሚጨናነቅ ለነዋሪው ማስታወቅ ይቻላል። ከአከራያቸው ጋር አንድ ቆጣሪ የሚጋሩ ተከራዮች ጉዳይ ግን ለብቻው መታየት አለበት። ቅናሹ በአከራዩ ሂሳብ ላይ ከቀረ፣ ሰዓቷን የቀየረችው ተከራይ ምንም አታገኝም፤ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን በታሪፍ ደንቡ ውስጥ አከራዩ ቅናሹን እንዲያስተላልፍ የሚያስገድድ አንቀጽ ማካተት ይኖርበታል።