ዋሱ ማን ይሁን?

ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ለሚወጣ ተማሪ ሁሉ በየመድረኩ የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፤ ይኸውም «ሥራ ፈላጊ ሳትሆን ሥራ ፈጣሪ ሁን» የሚል ነው። ምክሩን አንነቅፍም። ነገር ግን ሥራ በምኞት ብቻ አይፈጠርም፤ መነሻ ገንዘብ ይፈልጋል። ስለዚህ መንግሥት ለአነስተኛ ነጋዴና ለእጅ ባለሙያ ያሰናዳው ብድር በእውነት ከደሴና ከኮምቦልቻ ሰው እጅ የሚደርስ መሆን አለመሆኑን በዚህ እትማችን ልንመለከት ወደድን።

በሕግና በተቋም በኩል አገራችን ባዶ እጇን አይደለችም። የልማት ባንክ ታሪክ የሚጀምረው ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1909 ነው። አነስተኛ ብድር የሚሰጡ ተቋማት በአዋጅ ቁጥር 40/1988 ሕጋዊ መሠረት አገኙ። በክልላችንም የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ) በዚሁ አዋጅ መሠረት በ1989 ዓ.ም. ፈቃድ አግኝቶ እስከ ገጠር ቀበሌ ድረስ ወረደ፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2022 ደግሞ ፀደይ ባንክ ሆነ። በ2009 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ደግሞ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 34 ዓመት ለሆነ ወጣቶች የ10 ቢሊዮን ብር ተዘዋዋሪ ፈንድ አቋቋመ።

እንግዲህ ችግሩ የት ላይ ነው? በእኛ አስተያየት ችግሩ ከዋሱ ላይ ነው። የሚያበድር ሁሉ መያዣ መጠየቁ ተገቢ ነው። ነገር ግን የተለመደው መያዣ ወይ የቤት ካርታ፣ ወይ ደመወዝተኛ ዋስ ነው። ካርታ ያለው ሰው ከመጀመሪያውም መውጫ አያጣም፤ ደመወዝተኛ ዘመድ ያለውም እንዲሁ። በሰኞ ገበያ በርበሬ ዘርግታ የምትሸጥ እናት፣ በፒያሳ ጥግ ጫማ የሚሰፋ ልጅ፣ ትናንት ካባውን ያወለቀ ጓደኛችን ግን ሁለቱም የላቸውም። ለእነርሱ ብድሩ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ማለት ነው። ብድሩ ለድኻ ነው ተባለ፤ ቁልፉ ግን ከባለ ሀብት ኪስ ቀረ።

አብቁተ ሥራ ሲጀምር ድኾች በቡድን ሆነው አንዱ ለሌላው ዋስ እንዲሆን ያደረገው ይህን ተረድቶ ነው። ለእቁብና ለእድር አገርም ነገሩ እንግዳ አልነበረም። ሆኖም የቡድን ዋስትና ለበግ ማሞከቻና ለጉሊት ይበቃል እንጂ ወፍጮ አያስተክልም፤ የእንጨት ሥራ ማሽንም አያስገዛም።

ለዚህ መድኃኒቱ በከፊል ከእጃችን ነው። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ማሽን፣ ከብት፣ ሰብልና ሌላም ተንቀሳቃሽ ንብረት መያዣ እንዲሆን ፈቅዷል። የልማት ባንክም በሊዝ አሠራሩ፣ ተበዳሪው 20 በመቶውን ሲያዋጣ ማሽኑን ገዝቶ ያከራየዋል፤ ማሽኑም ዕዳው እስኪያልቅ የባንኩ ሆኖ ስለሚቆይ ራሱ መያዣ ይሆናል። በክልላችን ዋልያ የተባለው የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ ድርጅት ለትንንሾቹ የተቋቋመው በዚሁ ሐሳብ ነው። ይህ ደግ ሥርዓት ነው። ነገር ግን ሕጉ ከአዲስ አበባ መዝገብ ወርዶ ከየቅርንጫፉ መስኮት ካልደረሰ ወረቀት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ማሽኑ ራሱ የጠፋ እንደሆነስ? ይህን ጥያቄ ከደሴና ከኮምቦልቻ ይልቅ የሚያውቀው የለም። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ከተሞቻችን በጦርነቱ ተይዘው እስከ ኅዳር ማለቂያ በቆዩበት ጊዜ የብዙ ሰው ሱቅና የሥራ ዕቃ ተዘርፏል፤ ዕዳው ግን አልተዘረፈም። ይህን የመሰለ ጉዳት ብቻውን ሊሸከም የሚችል ባለ ሱቅ የለም፤ ስለዚህ የጉዳቱን ከፊል የሚሸከም ዋስ መኖር አለበት። በአሜሪካ በ1953 የተቋቋመው የአነስተኛ ንግድ አስተዳደር፣ ባንኮች ለትንንሽ ነጋዴዎች ከሚሰጡት ብድር በአንዳንዱ እስከ 85 በመቶ ድረስ ዋስ ይሆናል። ባለጸጋው አገር ለትንሽ ነጋዴው ዋስ መሆንን አላፈረበትም። የእኛም መንግሥት በአቅሙ ልክ ይህን ቢጀምር፣ ከሚያድለው ገንዘብ ይልቅ የሚገባው ዋስትና ብዙ ሰው ያቆማል።

በወሎ ሌላም የማይታለፍ ጉዳይ አለ። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ገበያ በሚውልበት በዚህ አገር፣ ወለድን በሃይማኖቱ ምክንያት የማይነካ ሰው ብዙ ነው። ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎት በአገራችን ከተፈቀደ ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ ማንኛውም የመንግሥት ብድር በወለድ ብቻ ሲመጣ፣ ከጎረቤታሞች አንዱን አስገብቶ ሌላውን ከበር ይመልሳል ማለት ነው።

ነቀፌታችን ግን ወደ አንድ ወገን ብቻ እንዳያዘነብል እንወዳለን። ተዘዋዋሪ ፈንድ ተዘዋዋሪ የተባለው ስለሚዞር ነው። «የመንግሥት ገንዘብ ነው» እያለ ወስዶ የማይመልስ ወጣት የሚበድለው መንግሥትን ሳይሆን ከኋላው ተራ የሚጠብቀውን ታናሽ ወንድሙን ነው። ብድር በምድር መሆኑን የዘነጋ ሰው ዋስ አጣሁ ብሎ ሊያማርር አይገባውም።

እኛ ተማሪዎችም ከማሳሰብ በላይ ልናደርገው የምንችለው አለ። ገቢና ወጪውን በመዝገብ የያዘ ነጋዴ ለአበዳሪው የሚያሳየው ነገር አለው፤ መዝገቡ ለሥራው ምስክር ነው። እንግዲያው ሒሳብ አያያዝ የሚማሩ የደሴ ግቢ ጓደኞቻችን በሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ገበያ ወርደው መዝገብ አያያዝ ቢያስተምሩ፣ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ተቋም ጓደኞቻችንም ማሽን ለሚገዛ ሰው የትኛው እንደሚበጅ ቢመክሩ፣ መምህራኖቻችንም ይህን እንደ ትምህርቱ ክፍል ቢቆጥሩልን፣ ዋስ ለሌለው ሰው ግማሽ ዋስ ሆንለት ማለት ነው።

የተማሪዎች ኅብረት በሚቀጥለው ስብሰባው ይህን ጉዳይ በአጀንዳ እንዲይዘው እናሳስባለን።