አፅሙ ያልተለየ ወታደር ስም

በጅቡቲ ከተማ ካርቲየ 7 ቢስ የሚባለው ሠፈር የሚጠራው በቍጥር ነው። ሠፈር በቍጥር ቢጠራ አያስነውርም፤ ለጦርነት ሄዶ የቀረ ወጣት ግን በቍጥር ብቻ ሲታሰብ ያሳዝናል።

ከዚያ ጠረፍ የተመለመሉበት የሶማሌ ተኳሾች ሻለቃ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ኦክቶበር 24 ቀን 1916 በቬርደን ግንባር የዱኦሞንን ምሽግ ካስለቀቁት ጦሮች ጋር ተሰልፎ ነበር። መድፍ ምድሩን ደጋግሞ ስላረሰው የብዙው ሬሳ ሳይለይ ቀረ፤ በ1932 በተመረቀው የዱኦሞን የአፅም ማረፊያ የ130,000 ያልታወቁ የፈረንሳይና የጀርመን ጦር ወታደሮች አፅም ተደባልቆ ይገኛል። ከዚያ መካከል የቀይ ባሕር ዳር ልጅ የለም ብሎ የሚምል ማን ነው?

አፅሙን መለየት ቢያቅት፣ ስሙን መጻፍ የአንድ ጸሓፊና የአንድ ድንጋይ ጠራቢ ሥራ ነው። ነጋዴ ያልተከፈለ ዕዳ ከመዝገቡ አይፍቅም፤ ሹሙም እንደዚሁ ያድርግ። የሟቾቹ ስም በሠፈሩ ይቀረጽ፤ አጻጻፉም የውጭ ጸሓፊ እንደ ሰማው ሳይሆን እናታቸው እንደ ጠራቻቸው ይሁን።